የልጄን ጉንጭ ማን አጸዳው?

እህቴ የልጆች መጽሐፍ ትጽፋለች፤ ሥዕሉንም ራሷ ትሥላለች። ዘመዶቻችን ዛሬም ድረስ «እስካሁን ሥራ አልያዘችም?» ብለው ይጠይቁኛል። አንዷ አክስታችንማ «ሳትወልድ የልጅ ነገር ምኑን አውቃው ነው?» አለች፣ እህቴ እዚያው ተቀምጣ። እኔ ደሜ ፈላ፤ እሷ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው።

ጠረጴዛ አላት፣ ግን አትሠራበትም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጣውላ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ነው የምትሥለው። «ልጅ ዓለምን የሚያየው ከዚህ ነው» ትላለች። ስለዚህ በሥዕሎቿ ውስጥ አዋቂ ማለት ባብዛኛው ጉልበትና ቦርሳ ነው። የጻፈችውን ለጎረቤት ልጆች ታነብላቸዋለች፤ አንዱ ካዛጋ ገጹ ይቀደዳል። ምክር የሚሰጥ ጥንቸል ያለበት መጽሐፍ ካየች ቀኑን ሙሉ አትጨበጥም።

ልጄ ከግራ ዓይኗ ሥር እስከ አገጯ የሚወርድ ጠቆር ያለ የትውልድ ምልክት አላት። ትልልቆቹ ሊያጽናኑን «ማርያም ስማት ነው» ይሉናል። ልጆቹ ግን «ፊትሽን ታጠቢ» ነው የሚሏት። ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ያለቀሰች ዕለት እህቴ ወለሉ ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«የሚቀጥለው መጽሐፍ ያንቺ ነው፤ ፊትሽ እንዳለ» አለቻት።

ክረምቱን ሙሉ ለፋችበት። የምልክቱን ቀለም እስክታገኝ ልጄን መስኮት ሥር አስቀምጣ ስትበጠብጥ ትውላለች። ፊቷን በፀጉሯ ስትሸፍን የኖረች ልጅ፣ ጉንጯን ወደ ብርሃን አዙራ መቀመጥ ለመደች። ትምህርት ቤት ሲከፈትም ለክፍሏ ልጆች ሁሉ «መጽሐፍ ላይ ልወጣ ነው» ብላ አወራች።

አሳታሚው የመጨረሻውን ቅጂ ሳያሳየን አተመው። መጽሐፉ እጃችን ሲገባ ሥዕሉ ውስጥ ልጅቷ አለች፣ ቀሚሷም የወላለቀ ጥርሷም አለ። ጉንጯ ግን ንጹሕ ነው፤ በየገጹ።

እህቴ ጫማዋን በወጉ እንኳ ሳታስር ወጣች። እኔም ልጄን ይዤ ተከተልኳት። አሳታሚው ቢሮ ሥራ አስኪያጁ ሥዕሎቹን ኮምፒውተር ላይ ያዘጋጀውን ሠራተኛ አስጠራልን።

«ቀለም የተንጠባጠበ መስሎኝ ነው» አለ ሠራተኛው። «አንድ በአንድ ሳጸዳ ዓይኔ ሊጠፋ።»

ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«በየገጹ፣ እዚያው ጉንጭ ላይ ሲንጠባጠብ አልገረመህም?» አለችው እህቴ።

«ገርሞኛል። ብሩሽዎ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቅ አለ። «እንዲያውም አምሮባታል እኮ፣ እመቤት። ልጆች ቆንጆ ነገር ነው የሚወዱት። ደግሞ ማን ያውቃል?»

«እንግዲያው ስሜንም ከሽፋኑ አጽዱት!» አለች እህቴ። ስትጮህ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

«ታትሞ አልቋል» አላት።

ይህን ሁሉ ስንባባል ልጄ መጽሐፉን ታቅፋ ሠራተኛው አጠገብ ደርሳለች። እጅጌውን ጎተት አደረገችው።

«ጋሼ፣ በምንድን ነው ያስለቀቁላት? ለኔስ ይኖራል?»

ሰውየው ጎንበስ አለ። ምልክቱን ያየው ያን ጊዜ ነው። ፊቱ ልውጥውጥ አለና ወደ እኔ ዞሮ «ይቅርታ፣ እትዬ» አለኝ።

ይቅር አላልኩትም። እስከ ዛሬም አላልኩትም።