የበረረው የአጎት ሊያንደር ዕቃ ቤት

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ አጎት ሊያንደር መዶሻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደቡን ቤት ለቤት ይዞራል። የጠራው ሰው የለም፣ የሾመውም የለም። ራሱን በራሱ ከሾመ ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

በዚህ በካናዳ ደሴት በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ዕቃ ቤት በምስማር ብቻ አይቆምም። በብርድ ወራት ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ለምስማር ደንታ የለውም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሰንሰለት በጣሪያው ላይ አሳልፎ ግራና ቀኙን አለት ውስጥ ከተተከለ የብረት ቀለበት ጋር ያስራል። ሊያንደር ታዲያ ቀለበቱን በመዶሻ መታ መታ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ሰንሰለቱን በሁለት እጁ ይነቀንቃል፣ ከዚያ ዳኛ ይመስል ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ባለፈው ጥቅምት ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን የአክስት ትሪፊን የዶሮ ቤት ሰንሰለት እንዲሁ ሲነቀንቅ ቆየና፣

«ይቺን ብለው ነው ያሰሩት፣ አክስት ትሪፊ?» አላቸው። «ይቺ እኮ ድመትም አትይዝ።»

«ድመት የለኝማ» አሉት። «ይልቅ ነቅንቀህ ነቅንቀህ ሳትጥልብኝ ሂድልኝ።»

ሊያንደር ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ዓሣ ማጥመድ ካቆመ ወዲህ ቀኑን የሚውለው በገዛ እጁ በሠራው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ምድጃ አለ፣ ሁለት ወንበር አለ፣ ሻይ አለ። ሁለተኛው ወንበር የጋርላንድ ነው። ጋርላንድ የወደቡ ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን፣ ሁለቱ በዓሣ ወራት ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ጀልባ ሠርተዋል። ወደቡ ውስጥ ያለው ቀለበት ሁሉ የጋርላንድ እጅ ሥራ ነው። ሊያንደር ብዙ ይናገራል፣ ጋርላንድ ትንሽ ይሰማል፣ እንዲህ ተዋድደው ይኖራሉ።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ያው የሰውን ሰንሰለት ዞሮ የጨረሰ ሰውዬ፣ ኅዳር ላይ ጀልባውን ከባሕሩ ዳር ወደ ላይ ሲጎትት ገመዱ ተበጠሰበት። ዞር ዞር ብሎ ሲያይ የራሱ ዕቃ ቤት ሰንሰለት ታየው። ለአንድ ሰዓት ብቻ ብሎ ፈታው። ጀልባውን ጎትቶ አወጣ፣ ሻይ አማረው፣ ገባ። በማግስቱ ወገቡን አመመው። በሦስተኛው ቀን በረዶ ጣለ፣ ሰንሰለቱም ጀልባው ሥር ተቀበረ። ነገ እመልሰዋለሁ እንዳለ የገና በዓል አለፈ። እሱን የሚቆጣጠር ማን አለና?

ጥር ላይ የነፋሱ ማዕበል መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ነፍሶ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋብ ሲል ሰው ከየቤቱ ብቅ ብቅ አለ። የጣሪያ ክዳን እንደ ልብስ ተገፎ አጥር ላይ ተሰቅሏል። የበር ደጃፍ መወጣጫ የጠፋበት ሰው በመስኮት ይወጣል። አንዱ የራሱን የማገዶ ክምር ጎረቤቱ ጓሮ አግኝቶ ከሰውየው ጋር «ይሄ የኔ ነው» «አይ የኔ ነው» ይባባላል። ሊያንደር ደግሞ ቦት ጫማውን አጥልቆ ወጣና ዕቃ ቤቱ የነበረበትን ቦታ አየ። ንጹሕ በረዶ ብቻ ነው።

ዕቃ ቤቱ ስልሳ እርምጃ ያህል ወርዶ አክስት ትሪፊ ጓሮ ቁጭ ብሏል። ከነጭስ ማውጫው፣ ከነመስኮቱ፣ ቀጥ ብሎ። የተቀመጠው ግን የዶሮው ቤት ላይ ነው፤ የዶሮው ቤት አሁን ቤት ሳይሆን ወለል ሆኗል። ደግነቱ አክስት ትሪፊ ዶሮዎቻቸውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኩሽናቸው አስገብተዋቸው ነበር።

«ሊያንደር» አሉት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ አንዷን ዶሮ በብብታቸው እንደያዙ። «ልትጠይቀኝ ከሆነ የመጣኸው ብቻህን ብትመጣ ይበቃ ነበር። ቤትህን ምን አስያዘህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊያንደርም ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ ከሕዝቡ መሃል አንዱ፣ «ሰንሰለቱስ? ያንተ ሰንሰለት እንዴት ለቀቀ?» ብሎ ጠየቀ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰውን ቤት ሲነቀንቅ ኖሮ «ረስቼው ነው» ማለት ግን ሞት ሞት ሸተተው።

«እንጃ» አለ። «ቀለበቱ ሳይሆን አይቀርም።»

ጋርላንድ እዚያው ነበር። ቀስ ብሎ ዕቃ ቤቱን አየ፣ ቀስ ብሎ ሊያንደርን አየ፣ ኮፍያውን ወደ ታች ሳብ አደረገ።

«ይሆናል» አለ። «ያንን ቀለበት በሠራሁበት ዓመት የመጣውን ብረት እኔም ብዙ አላመንኩትም ነበር።»

ወሬ እዚህ ወደብ ከነፋሱ ይፈጥናል። በማግስቱ ሰው ሁሉ በረዶ እየጫረ ቀለበቱን በመዶሻ ሲደበድብ ዋለ። አክስት ትሪፊ ለአዲሱ የዶሮ ቤታቸው ቀለበት ከከተማ ሱቅ እንዲመጣላቸው አዘዙ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ሌላ ጊዜ ከማዕበል በኋላ የጋርላንድ ምድጃ ከንጋት ጀምሮ ይነድ ነበር፤ ማጠፊያው፣ መቀርቀሪያው፣ ማያያዣው ሁሉ እዚያ ነው የሚሠራው። በዚህ ሳምንት ግን የመዶሻ ድምፅ አልተሰማም። የስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ቀጥቃጭ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ፣ የመጣ ሰው ግን የለም።

የሊያንደር ሚስት ሴሊና ሰንሰለቱ የት እንዳለ ታውቃለች። ሐሙስ ዕለት የዓሣ ሾርባውን ፊቱ አስቀመጠችና፣

«በመስኮት ስመለከት» አለች፣ «የጋርላንድ ጭስ ማውጫ አይጨስም።»

«ብርድ ወዶ ይሆናላ።»

«እሱማ። አንተም ሾርባውን ቀዝቅዞ ወደድከው መሰለኝ፤ ማንኪያውን ካነሳህ ቆየህ።»

ዓርብ ዕለት ሊያንደር ልቡን አጠንክሮ ወደ ጋርላንድ ሄደ። ልናገር ብሎ ነው የሄደው። ጋርላንድ ሻይ ቀዳለት፣ በሞላሰስ የጣፈጠ ዳቦ ቆረሰለት፣ ስለ ባሕሩ በረዶ ጠየቀው። ሊያንደር ስለ ባሕሩ በረዶ ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ስለ ጀልባውም ተናገረ። ጀልባው ሥር ስላለው ነገር ሊናገር ሲል ዳቦው አነቀው። ጋርላንድ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት፣ ሊያንደርም አመስግኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መንገድ ላይ ራሱን የሰደበውን ስድብ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ቅዳሜ ዕቃ ቤቱ ወደ ቦታው የሚመለስበት ቀን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ሰው አይጠራም፤ ገመድ ይዞ ራሱ ይመጣል። ዕቃ ቤቱን በሁለት የተላጡ ግንዶች ላይ አስቀመጡት፣ ረጅሙን ገመድ አዞሩበት፣ ወንዱም ሴቱም በረድፍ ያዘ። የወደቡ ልማድ ሆኖ ባለቤቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ «ሳብ!» ማለት አለበት። ሊያንደር በመሰላል ወጣና ጭስ ማውጫውን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ላይ ሁሉም ይታያል። ሁልጊዜ ገመዱ ጫፍ ላይ ፊተኛ የሚሆነው ጋርላንድ ዛሬ ከሁሉም ኋላ ነው የቆመው።

አክስት ትሪፊ ወንበር አስወጥተው በረዶው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋርላንድ!» ብለው ጮኹ። «ገመዱን የቋጠርከው አንተ እንዳትሆን ብቻ! ዶሮዎቼ ከኩሽናዬ አልወጡም ብለዋል!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጋርላንድም ሳቀ፣ ገመዱን ግን ለቅቆ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሊያንደር ያቺን እርምጃ አያት።

«ቁሙ!» አለ።

«ገና መቼ ጀመርን?» አለ አንዱ።

«ቁሙ አልኩ! ቀለበቱ ምንም አልሆነም። ሰንሰለቱን እኔ ነኝ የፈታሁት። ኅዳር ላይ ጀልባ ጎተትኩበትና፣ ወገቤን ሲያመኝ ነገ ነገ እያልኩ ሳልመልሰው ቀረሁ። እስካሁን ጀልባዬ ሥር ነው ያለው። ጋርላንድ ላይ ያላከክሁት ፈርቼ ነው። ዋሸሁ፣ በቃ!»

ከዚያ አክስት ትሪፊ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሠላሳ ዓመት» አሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰንሰለቴን ስትነቀንቅ፣ ድመት አትይዝም ስትል! የኔዋ ድመት ባትይዝም ታስራ ነበር!»

«ልክ ነዎት፣ አክስት ትሪፊ።»

«መሰላሉን አንሡለት!»

መሰላሉ ተነሣ። ሊያንደር ጣሪያው ላይ ቀረ። ጋርላንድን ከኋላ አምጥተው ገመዱ ፊት አቆሙት፣ «ሳብ» የሚለውም እሱ ሆነ። ዕቃ ቤቱ እያቃሰተ መሄድ ጀመረ። ሊያንደር ስልሳውን እርምጃ ሁሉ ጭስ ማውጫውን አቅፎ ተጓዘ፤ ሕዝቡ በየመሃሉ እየቆመ «ወገብህን አሞህ እንደሆነ ንገረን፣ ነገ እንጨርሰዋለን!» እያለ ይጠይቀዋል። ቦታው ሲደርሱ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ ነበር። ለማውረድ አንድ ሙሉ ሰዓት ተከራከሩበት።

ሲወርድ ቀጥታ ወደ ጋርላንድ ሄደ።

«ሰኞ ምድጃህ አያርፍም» አለው። «የከተማውን ትዕዛዝ አክስት ትሪፊ ሰርዘውታል። አየህ… ይቅር በለኝ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ? ብረቱን አላመንኩትም ያልከው ለምንድን ነው? ጥሩ ብረት ነው እኮ!»

«ጥሩ ብረት ነው» አለ ጋርላንድ። ጓንቱን አውልቆ እጁን አሻሸ። «ማዕበሉ ያቆመ ዕለት ሰው ሳይወጣ ነበር ቀለበቶቼን ለማየት የወጣሁት። ያንተን ጭሬ አገኘሁት። ጭረት እንኳ የለበትም። ሰንሰለትም የለበትም።»

ሊያንደር ቀለበቱ ወዳለበት በረዶ ዞር ብሎ አየ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በረዶውን መልሼ አለበስኩት።»

«ባልናገርስ ኖሮ?»

«መጥፎ ቀጥቃጭ ሆኜ እሞት ነበራ። ምን ይደረግ፣ በዚህ ዕድሜ ሌላ ወሬኛ ከየት አመጣለሁ?»

ሰው ሁሉ እያየው በሊያንደር ጥላሸታም ፊት ላይ እንባ ወረደ፣ አላበሰውም። አፍሯል፣ ደግሞም በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ጋርላንድ አካፋውን አቀበለውና ሁለቱ አብረው ቀለበቱ ላይ ያለውን በረዶ መዛቅ ጀመሩ።