የዳማ ኮሮጆ በሞተር ላይ

የተለበለበ ቆዳ ሲሸት ሌላው ሰው ምን ትዝ እንደሚለው አላውቅም፤ እኔን ግን የአባባ ሞተር ትዝ ይለኛል። ባለፈው ሰሞን አሰላ ገበያ ውስጥ አንዱ ባለሱቅ ቀበቶ በጋለ ምስማር ሲበሳ ሽታው መጣብኝና ባለሁበት ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። አሮጊቷን ምን ነካት ሳይሉ አልቀሩም፤ ይበሉ። በጃንሆይ ጊዜ እኛ ሰፈር ያደገ ሰው አጠገቤ ቢኖር አብሮኝ ይስቅ ነበር፤ ያቺን ሞተር የማያውቅ አልነበረምና።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን የሚተዳደረው በእንቁላልና በቅቤ ነበር። አባባ በቆጂ ወጥተው ይገዛሉ፣ እማዬ አሰላ ላይ ትሸጣለች። የምታመላልሰን ዳማ የምትባል በቅሏችን ነበረች፤ ጭቃ ይሁን ቁልቁለት፣ ሳትመርጥ የማትረግጥ ጨዋ በቅሎ። ታዲያ አንድ ዓመት ጥር ላይ፣ አሰላ ይኖር የነበረ ጣሊያን መካኒክ ወደ አገሩ ሊገባ ተነሣና ሞተሩን እሸጣለሁ አለ። የአባባ ልብ ሸፈተ። ዳማን ለጎረቤታችን ለሐጂ ከድር ሸጠው ሞተሯን እያንደቀደቁ ግቢ ገቡ። እኔ በደስታ የምገባበት ጠፋኝ። እማዬ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አንድ ጊዜ ዞረቻትና፣ ለመሆኑ ጭነቱ የት ላይ ነው የሚታሰረው ብላ ጠየቀች። አባባ ይኼን አላሰቡበትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። ሁዳዴ ሲገባ ሐጂ ከድር ራሳቸው ለሽምግልና ተቀመጡ። ሐጂ ቆዳና ሌጦ የሚነግዱ፣ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ፍርዳቸውም በእንቁላል ሆነ። ክርስቲያኑ ያን ሁሉ ቀን ጾሞ ለፋሲካ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንቁላል ይፈልጋል፤ የእማዬ የዓመቱ ትልቅ ገበያ ያ ነበር። ሞተሯ የፋሲካውን እንቁላል ከበቆጂ በደህና ካመጣች ትቀመጣለች። ከፈጀችው ዳማ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ሞተሯም ሐጂ ግቢ ትገባለች። ሁለቱም ይሁን አሉ። ሐጂ ሲነሡ ሞተሯን በከዘራቸው ነካ አደረጉና፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትላላችሁ አይደል? በዚች ከሚሄድስ እውነትም በእግሩ ቢሄድ ይሻለዋል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ሞተሯ ከሄደች የምተርፍ አይመስለኝም ነበር።

ቅዳሜ ኮሮጆ ፍለጋ ሦስታችንም ገበያ ወጣን። አረቡ ሱቅ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ተሰቅሏል፤ ዘለበቱ ያብረቀርቃል፣ አዲስ ቆዳው ከሩቅ ይሸታል። አባባ እሱን አይተው ሌላ ማየት አልፈለጉም። እማዬ እጇን ከተተችና ክርኗ ላይ ሲይዛት አውጥታ፣ ይኼ የወረቀት መያዣ ነው፣ እንቁላል የያዘ እጅ ከዚህ አይወጣም አለች። ቀጥሎ የወታደር ሸራ ከረጢት አየን። እሱን ደግሞ ከፍ አድርጋ አንጠለጠለችው፤ ታቹ ጠበበ። የላዩ እንቁላል የታቹን ይጨፈልቀዋል ብላ መለሰችው። ነጋዴዎቹ ሞተር የምትነዳው እሷ መስላቸው ነበር። ቤት ስንመለስ ከግድግዳው ላይ የዳማን ኮሮጆ አወረደች። ወፍራም የበሬ ቆዳ፣ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠፍጣፋ፣ ግራና ቀኙ በጀርባ ላይ በሚያልፍ ሰፊ ጠፍር የተያያዘ ነው። አባባ ፊታቸው ጠቆረ።

«በቅሎ ሸጬ ሞተር የገዛሁት የበቅሎ ኮሮጆ ላንጠለጥልባት ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«እንቁላሉ እንደሆነ ሞተር ላይ ይሁን በቅሎ ላይ አያውቅም» አለች እማዬ።

በእኛ አገር ጭነት የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ጭነት ከጎን ጋር መጣበቅ አለበት፤ ላልቶ የሚወዛወዝ ጭነት እንስሳ ያቆስላል። ስለዚህ አባባ ከወዲህ እማዬ ከወዲያ ሆነው የሆዱን ጠፍር በሞተሩ ሥር አሳለፉት፤ አባባ በእግራቸው የሞተሯን ጎን ተደግፈው፣ ልክ እንደ ዳማ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቡት። ኮሮጆው ንቅንቅ አልል አለ። እሰይ ተባለ። በቅሎ ላይ የሌለ፣ ሞተሯ ላይ ግን ያለ አንድ ነገር ነበር፤ በቀኝ ጎኗ በኩል ጭሱ የሚወጣበት ማርሚታ አለ፣ ሲነዷት እንደ ምድጃ ይግላል። ከሁላችንም አንድም ሰው ይኼን አላሰበም።

ለሙከራ አባባ ሳጉሬ ድረስ ሄደው ድንች ጭነው ተመለሱ። ከእሳቸው በፊት የገባው ሽታው ነበር። ቀጥሎ ጭሱ፣ ከጭሱ በኋላ አባባ። የቀኙ ኮሮጆ ጎኑ ከስሎ ተበስቷል፤ ውስጥ ያለው ድንች ግማሹ በስሏል። ሐጂ ከድር በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩና፣ «ወላሂ ጥሩ ሞተር ነች፤ እንቁላሉን ቀቅላ ታመጣልሃለች» አሉ። የሰፈር ልጆች ድንቹን ተሻሙት። እኔ ግን አንድም አልቀመስኩ፣ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። አባባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሬቱን በጣታቸው ይጭሩ ነበር። በሐጂ ግቢ ዳማ ስታናፋ ሲሰሙ ቀና እንኳ አላሉም።

እማዬ ልትስቅባቸው ትችል ነበር፤ አሸንፋ ነበራ። ግን አልሳቀችም። የተቃጠለውን ኮሮጆ ጭኗ ላይ ዘርግታ ስታገላብጠው ቆየችና ድንገት፣ «ዳማ ተገጥባ ሳለች እንዴት ነበር የምንጭናት?» አለቻቸው።

አባባ፣ ቁስሏን እንዳይነካት ቀስት አድርገንላት ነዋ አሉ። እውነት ነው፤ ጎኗ የቆሰለ በቅሎ ሥራ መፍታት ካልቻለች እርጥብ እንጨት ተጎብጦ በቁስሉ ላይ እንደ ድልድይ ይደረግና ጭነቱ በሱ ላይ ያርፋል፤ በመሃል ነፋስ ያልፋል።

«በቃ፣ ይቺም ተገጥባለች በላ» አለች እማዬ። «ቀኝ ጎኗ ቁስል ነው።»

አባባ ከድንጋዩ ተነሡ። ያን ዕለት ሲስቁ የሰማሁት ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በማግስቱ ጋራዥ ሄደው ወፍራም ብረት አጎበጡ፤ በቀኝም በግራም፣ ሚዛኑ እንዳይዛባ። በብረቱና በማርሚታው መሃል ላሜራ አስገቡ። የተበሳውን ለመጣፍ ቆዳ ያመጡልን ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ሐጂ ከድር። ፍርድ ፍርድ ነው፣ ጉርብትና ጉርብትና ነው ብለው ጥሩውን ቁራጭ ሰጡን። እማዬ ደርባ ሰፋችው።

ሰሙነ ሕማማት ገባ፤ በመንገድ የኮሮጆውን ሙቀት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር፣ እማዬም ነፍሰ ጡር ስለነበረች ከአባባ ጋር በቆጂ የምሄደው እኔ ሆንኩ። ከአባባ ኋላ፣ በሁለቱ ኮሮጆዎች መሃል አስቀመጠችኝና ቀኝ እጄን ይዛ በተጣፈው ጎን ላይ አሳረፈችው። «ብርቄ፣ መዳፍሽን ከዚህ እንዳታነሺ። ሞቅ ካለሽ የአባትሽን ጀርባ ምቺ» አለችኝ። ሹመት ነበር። በአሰላ መንገድ ላይ ሳልፍ ትምህርት ቤት የማውቃቸው ሁሉ ሲያዩኝ አንገቴን እንኳ አላዞርኩላቸውም።

ረቡዕ ሄደን ሐሙስ ተመለስን። በቆጂ እንደ ልማዷ ብርዷ አጥንት ይሰብራል፤ የገበያዋ ሴቶች በነጠላቸው ሥር እንቁላሉን አቅፈው ይመጣሉ፣ ከሰውነታቸው ሙቀት ለብ ያለ ነበር። አባባ የገብስ ገለባ አነጠፉ፣ እንቁላሉን ሹል ጫፉን ወደ ታች እያደረጉ ደረደሩ፣ ደግሞ ገለባ፣ ደግሞ እንቁላል። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቀው ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። በልግ ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ቢሆንም መዳፌ ሥር ያለው ቆዳ ቀዝቃዛ ነበር፣ እኔም በልቤ እማዬን እመርቃት ነበር። ሳጉሬን አልፈን ልንገላገል ስንል የከብት መንጋ ድንገት መንገዱን ዘጋው። አባባ ፍሬን ያዙ፣ ሞተሯ ተንሸራተተችና ቀስ ብላ በቀኝ ጎኗ ተኛች። እኔም አባባም ጭቃው ውስጥ ነን። ከኮሮጆው ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ መሬቱን የመታው ጎባጣው ብረት ነበር።

እረኞቹ ሮጠው አነሡን። እኔ እንክፈተው ብዬ ለመንኩ። አባባ ጭቃውን ከፊታቸው እየጠረጉ፣ «አይሆንም። እናትሽ ትክፈተው» አሉ። ከዚያ እስከ አሰላ አባባ በበቅሎ እርምጃ ነዱ፣ እኔም መዳፌን መልሼ ቆዳው ላይ አሳረፍኩ።

በራችን ላይ ሐጂ ከድር ዳማን በገመድ ይዘው ቆመዋል፣ ጎረቤቱም ተሰብስቧል። እማዬ የለበስነውን ጭቃ አየችና ወደ ኮሮጆው አለፈች። ግራውን ከፈተች፣ እጇን ገለባው ውስጥ ሰደደች፣ አንዱን አውጥታ ለፀሐይ አሳየችው። ደህና። ቀጠለች። ቅርጫቱ እየሞላ ሄደ። ግራው አልቆ ወደ ቀኙ፣ ወደ ወደቅንበት ዞረች። አባባ ፊታቸውን አዙረው የአጥሩን እንጨት ያያሉ። ደህና፣ ደህና፣ ደህና። ከታች ከታቹ አንዲት ስንጥቅ ያላት ተገኘች። እማዬ አገላብጣ አየቻትና ጮክ ብላ፣ «ይቺስ እዚያው በቆጂ የተሰነጠቀች ናት፤ ሞተሯ አልነካቻትም» አለች።

«ሞተሯ አልነካቻትም» አለች፣ ሰማችሁ? ለሞተሯ ጠበቃ ቆመች። አባባ ሰምተዋል፤ ጭቃ በለበሰ ፊታቸው ላይ እንባቸው መንገድ ሠርቶ ወረደ። እኔ እየዘለልኩ ጮህኩ። ሐጂ ከድር ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የዳማን ገመድ ወደ ቤታቸው አዞሩና፣ «ቶሌ፣ እሺ ይሁን፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በሞተር ሄደ» ብለው ተሸነፉ።

እማዬ እልል ልትል አፏን ከፈተችና በእጇ ያዘችው፤ ሕማማት ነው፣ እልልታ የለም። ዋጠችው። የትንሣኤ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን ሞተሯ አጠገብ ስትደርስ ለቀቀችው፤ ሰፈሩን አናወጠችው። ጎረቤቱ ለበዓሉ መስሎት ተቀበላት። እኛ ሦስታችን ግን ምን ያህሉ ለፋሲካ፣ ምን ያህሉ ለሞተሯ እንደነበረ እናውቃለን።

ዛሬ እንቁላሉ በካርቶን ተደርድሮ በመኪና ይመጣል፣ የበቆጂም መንገድ አስፋልት ነው። አባባም እማዬም ሐጂም የሉም። ከኮሮጆው የቀረው ጎባጣው ብረት ነው፤ ጓሮዬ ተሰቅሎ ዶሮዎቼ ይሰፍሩበታል። በቀደም የልጅ ልጄ በሞተሩ በቆጂ አድርሶ መለሰኝ፤ ነፋሱ ነው እንጂ ጉድጓድ የሚባል አላየሁም። ሳጉሬ ላይ ዞር ብሎ፣ አያቴ እጅሽን ወደ ታች የሰደድሽው ምን ጠፍቶብሽ ነው አለኝ። ሳየው እውነትም ቀኝ መዳፌ ከሞተሩ ጎን ባዶውን ተዘርግቷል።

«ምንም አልጠፋብኝም» አልኩት። «አልሞቀም፣ ንዳ።»