የማላውቃቸው ወንፈለኞች

ሰው ለማያውቀው ሰው ወንፈል ይወጣል? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም።

የልጄ እግር ወደ ውስጥ የዞረ ነበር። ጄሶው ሲፈታላት ሐኪሙ በየቀኑ እንዴት እንደማሻት አሳዩኝ፤ ገጠር፣ ቁሐር ሚካኤል ቤቴ ስደርስ ግን አስተሻሸቱ ጠፋኝ። ሐኪሙ የአስተሻሸቱ ፊልም ኢንተርኔት ላይ አለ ብለው አድራሻውን ጽፈው ሰጥተውኝ ስለነበር፣ ልጄን አዝዬ ወረታ ከተማ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። ገጹ ተከፈተ፤ ፊልሙ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ግን ግራጫ ሳጥን ብቻ ነው ያለው። እግሯ ተመልሶ ሊዞር ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

«አይዞሽ እህቴ» አሉኝ የቤቱ ባለቤት፣ መምህር ናቸው። «የፊልሙ መክፈቻ ፕሮግራም ጌታ አለው፤ ለአሮጌ ማሽን አልሠራም ይላል፤ ውስጡን ከፍተን እንድናበጀውም አይፈቅድም። ሌላ ነጻ መክፈቻ አለ። ብዙ ሰዎች ተጋግዘው የሠሩት ነው፤ ወንፈል በይው።»

ጫኑት፤ ፊልሙ ተንቀሳቀሰ! እያየሁ የልጄን እግር አሸሁ። እፎይ አልኩ።

ወዲያው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። «መምህር፣ ወንፈል እኮ ብድር አለው። የማንን ሩዝ ለማረም ልውጣ?»

ሳቁብኝ። «ሠሪዎቹ ሩዝ የላቸውም። የጎደላቸው አማርኛ ነው፤ የመክፈቻው ቁልፎች የአማርኛ ስም አልወጣላቸውም። ይቺ ፊልሙን ገታ አድርጋ ከዚያው የምታስቀጥለዋን ቁልፍ ምን እንበላት? ንገሪኝና ልጻፍላቸው።»

ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ! አላበኝ። «‹ቆይ› ይበሏት» አልኩ።

ጻፉና ላኩት። እናንተስ ምን ትሏታላችሁ? የተሻለ ካላችሁ ቶሎ ንገሩኝ።