ከዳቦ ቤቱ ጋር የምንጋራው ግድግዳ

«ያንተ አይደለም» አለችና ወረቀቱን አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው። «የቲቸር ነው። እኔ ፊት ነው የተናገረው።»

«ሙቀት የማንም አይደለም» አልኳት። «ፊዚክስ ነው። እሱም ከመጽሐፍ እንጂ ከራሱ አላመጣውም።»

«ፊዚክሱን መች አልኩህ? አነጋገሩን ነው። ‹ሙቀት ወዳነሰው ይሄዳል፣ እኩል ሲሆኑ ያርፋል።› ቃል በቃል እኮ ነው! ቤት እንዲመታልህ ‹ዓለሜ› የምትል ብቻ ነው የጨመርክበት።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ግጥሙን ለእሷ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ እንድትሰማኝ ለምኜ የጠራኋትም እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ወደ ክፍሌ እንድትገባ ስጠብቅ ቆይቼ፣ በገባች በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስለ ሌላ ሰው እየተከራከርን ነበር።

ያኔ የምንኖረው አሰላ ውስጥ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ባለ ግቢ ነው። ከስድስቱ የኪራይ ክፍሎች አምስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ወለላቸው ሲሚንቶ፣ ጣሪያቸው ጠዋት ጠዋት ውስጡ የሚያልበው ቆርቆሮ። ስድስተኛው ግን ከዳቦ ቤቱ ምድጃ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ምድጃው በባሕር ዛፍ እንጨት ነው የሚነደው፤ እሳቱ ከከሰመ በኋላም ግድግዳው ለሰዓታት ትኩስ ነው። በሐምሌ የታጠበ ልብስ የሚደርቀው እዚያ ክፍል ብቻ ነበር።

ይህን ክፍል የያዘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የበቆጂ ሰው! በዝናብ ወር እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ የሚዞር የፊዚክስ መምህር። «እናንተ አሰላዎች ይሄንን ብርድ ትሉታላችሁ?» እያለ ይስቅብን ነበር። ግቢው በሙሉ «ቲቸር» ይለዋል። እኔን ሁሉም በስሜ ነው የሚጠራኝ።

እሷ ደግሞ የአቦምሳ ልጅ ናት፤ ቆላ ያደገ ሰውነቷ ከአሰላ ጋር አልታረቀም። የምትሠራው ወተት መሸጫ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የወተት ቢዶን በቀዝቃዛ ውኃ ስታጥብ ትውላለች። ማታ ስትገባ ጣቶቿ ቁልፍ ማዞር እምቢ ይሏት ነበር። አንድ ቀን ሹራብ ልታደርቅ ቲቸር ዘንድ ገባችና ግድግዳውን ነካች። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል አትቀርም። በሩ ክፍት ስለሚሆን ፊት ለፊት ካለው ክፍሌ ሆኜ አያታለሁ። መጀመሪያ ሁለት መዳፎቿን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፣ ቀጥላ ጀርባዋን፣ ከዚያ ጉንጯን። ጉንጯን! ሰው በልስን ግድግዳ ሲቀና ያየሁት በራሴ ነው።

አንድ ቀን እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ። የአልጋው ብረት ከእንጨት ወንበሩ ይልቅ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ጠየቀችው። ቲቸር እጇን ያዘና መጀመሪያ ብረቱ ላይ፣ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ አኖረው።

«ሁለቱም እኩል ናቸው» አላት። «ብረቱ ካንቺ ላይ ሙቀት ቶሎ ይወስዳል። እንጨቱ ቀስ ይላል። ለዚህ ነው።»

«ግድግዳውስ?»

«እሱ ይሰጥሻል። ሙቀት ወዳነሰው ይሄዳል፣ እኩል ሲሆኑ ያርፋል።»

ይህን ያለው የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቀ፣ እንደ ዋዛ ነው። እኔ ሦስት ደብተር ሙሉ ግጥም ነበረኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ በምሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የሰው ማመልከቻ እየተየብኩ በየመሃሉ የጻፍኩት ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጎን የሚቆም አልነበረኝም። እጇን በመያዙ የቀናሁበት አንሶ በአነጋገሩም ቀናሁበት።

በማግስቱ አከራያችን ዘንድ ሄጄ አጥብቄ ሳልኩ።

«እትዬ፣ ደረቴን እያመመኝ ነው። ሐኪም ሙቀት ያለበት ክፍል ተኛ ብሎኛል።»

«ውይ አባ ኮ፣ የኔ አባት!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ያዘህ? ለቲቸር አሁኑኑ እነግረዋለሁ።»

ቲቸር አላቅማማም። ፍራሼን ራሱ ተሸክሞ አመጣው፤ አልጋዬን ከግድግዳው አስጠግቶ፣ «ጀርባህን ወደዚህ አድርገህ ተኛ፣ ይለቅሃል» አለኝ። ምናለ ትንሽ ክፉ ቢሆንልኝ ብዬ ተመኘሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ሻይ አፍልቼ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ ጠበቅኋት። መጣችና አንገቷን አስገባች።

«እሱስ?»

ክፍል መለዋወጣችንን፣ ምክንያቱንም ነገርኳት። «እግዜር ይማርህ» አለችና ግቢውን አቋርጣ ወደ እሱ ሄደች። ግድግዳውን አልነካችውም።

ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። እሷ እዚያ ማዶ ጋቢ ተከናንባ ትቀመጣለች፤ ስትናገር ከአፏ እንፋሎት ይወጣል፣ ደግሞ ትስቃለች። እኔ እዚህ በካናቴራ ተቀምጬ ላቤ ይወርዳል። ሙቀቱ ሲበዛብኝ አልጋዬን ጎትቼ መሃል ክፍሉ ላይ አቆምኩት። ቲቸርን በምን እንደምበልጠው ሳስብ ከግጥም ሌላ አልታየኝም፤ ግጥሙንም ስጽፍ የመጣልኝ የሱ ቃል ነበር።

«እሺ፣ ወስጃለሁ» አልኳት እሁድ ዕለት፣ ክርክሩ ሲያልቅብኝ። «አንዲት መስመር ናት። ምን ይጎድልበታል?»

ዓይኗ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ያለው ባዶ ቦታ ላይ ነበር።

«አልጋህን ለምን አራቅኸው?»

«ይሞቃል።»

«ደረትህስ?»

መሳል እንደነበረብኝ ትዝ አለኝ፤ ግን ረፍዷል። «ተሽሎኛል።»

«በሳምንት? አንተ፣ ስትስል ሰምቼህ አላውቅም እኮ! ወደኛ ጆሮህን ስታቆም ነው የማይህ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የበቆጂውን ሰው አስነጠስከው፣ ታውቃለህ? ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን ይዞታል። ‹እሱ ይዳን እንጂ እኔ ምንም አልል› ነው የሚለው።»

ማፈር ነበረብኝ። እኔ ግን የማስበው ትናንት ቅዳሜ ሥራ አምሽታ ገብታ፣ ማስነጠሱን መቼ እንደሰማች ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «ስትመጪ የነበረው ለግድግዳው ነው ለሱ?»

የሹራቧን እጅጌ አፍተለተለች።

«መጀመሪያ ለግድግዳው» አለች።

«አሁንስ?»

«አሁንማ የምገባበትን ክፍል ከዚህ ሆነህ እያየኸው!»

እንደዚያ በቀጥታ ትለዋለች ብዬ አልጠበቅሁም። «ለእትዬ ትነግሪያቸዋለሽ?» የሚል ብቻ ከአፌ ወጣ።

«እኔ ምን አገባኝ? የዋሸኸው አንተ፣ የምትነግራቸውም አንተ። ፍራሽህን ደግሞ ዛሬውኑ አውጣ፤ ሰውየው ታሟል።»

«እሱ ወደዚህ ቢመለስ» አልኳት፣ «እኔ እዚያ ብርዱ ውስጥ ስሆን አንድ ቀን እንኳን ትመጫለሽ?»

ግጥሙን ከአልጋው ላይ አንስታ አጠፈችው። ልትወስደው መሰለኝ። እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ያንተ የሆነ ስትጽፍ አንብብልኝ» አለች። «በሱ ቃል ግን አትጥራኝ።»

ወጣች። በሩን ከኋላዋ ሳበችው፣ አልገጠመም። ተመልሳ ስትገፋው የምትገባ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። ጎትታ ዘጋችው።