እትዬ ድጋሚና ዐሥራ አራቱ ኪሎ

እትዬ ድጋሚ የሚለውን ስም ያወጡላት የመድኃኒት ቤቱ ባልደረቦቿ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐኪም ያዘዘውን መጠን በእርሳስ ሳታሰላ አንድ ጠርሙስ አሳልፋ አታውቅም። ካልኩሌተር አታምንም፤ ሐኪም አታምንም፤ የገዛ ስሌቷንም ካልደገመች አታምንም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ትላለች፤ ሲስቁባት ሣቃቸውንም ትጠረጥራለች።

አንድ ጧት አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ መጣች። የታዘዘለት ለሚጥል በሽታ የሚሆን ሽሮፕ ነው፤ ከልኩ ካለፈ ሕፃን አደንዝዞ ትንፋሽ የሚያሳጣ። እትዬ ድጋሚ እርሳሷን አነሣች። ዐሥራ አራት ኪሎ፣ ለኪሎው አምስት ሚሊግራም፤ ሰባ ሚሊግራም። በአንዱ ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ውስጥ ዐሥር ሚሊግራም አለ፤ ስለዚህ ሰባት ሚሊ ሊትር። ሐኪሙም ሰባት ብሏል። ደገመችው፤ ያው ሰባት። ልቧ ግን አልረጋም። እናቲቱ ልጁን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ቦርሳዋን ትበረብራለች፤ ዐሥራ አራት ኪሎ እንዲህ እንደ ዋዛ አይያዝም።

«እንዴት ነው የመዘኑት?»

«አቅፌው ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ ለነርሷ ሰጥቻት ብቻዬን ወጣሁ።»

«ቦርሳሽስ?»

«መጀመሪያ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ኋላ ከልጁ ጋር ተቀበለችኝ።»

ነርሷ ታዲያ አንዱን ከአንዱ ቀንሳ ልዩነቱን ሁሉ ለልጁ ሰጥታዋለች፤ ሁለት የውኃ ጠርሙስ፣ የወተት ጣሳና ፎጣ ጭምር። በመድኃኒት ቤቱ ሚዛን ልጁ ብቻውን ዘጠኝ ኪሎ ሆነ።

«የሚበቃው አራት ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር ነው» አለቻት።

እናቲቱ ዐይኗን አጠበበች። «ሐኪሙ ሰባት ብሎ እርስዎ ለምን ይቀንሱብኛል?»

እትዬ ድጋሚ አልተቀየመችም፤ በእሷ ቦታ ብትሆን እሷም ትጠረጥር ነበር። ሐኪሙ ዘንድ ደውላ አዲሱን ኪሎ ነገረችውና ስልኩን ለእናቲቱ ሰጠቻት። እርማቱን ከአፉ ሰማች።

እናቲቱ እንደ ወጣች ጥርጣሬው ወደ ራሷ ወደ እትዬ ድጋሚ ዞረ። ከሦስት ቀን በፊት ከዚያው ክሊኒክ ለመጣች ሕፃን ይህንኑ ሽሮፕ ሰጥታለች። ስሌቱን ደግማ ሠልሳ ነበር፤ ኪሎውን ግን አልጠየቀችም። ሠላሳ ዓመት የሰውን ማባዛትና ማካፈል ስትጠረጥር፣ የመጀመሪያውን ቁጥር እንዲያው ስታምነው ኖራለች። ፈራች።

ከመዝገቡ የሕፃኗን አባት ቁጥር ፈልጋ ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠራ።

«ሄሎ» አለ አባትየው።

«ከመድኃኒት ቤቱ ነው። ልጅቷ እንዴት ናት?»

መልሱን በደንብ አልሰማችውም፤ ከጀርባው ሕፃኗ በለቅሶ ቤቱን ታቀልጠዋለች። እትዬ ድጋሚ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በዕድሜዋ የልጅ ለቅሶ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

«የዛሬውን ከመስጠታችሁ በፊት ይዛችኋት ኑ» አለች። «እኔው ራሴ እመዝናታለሁ።»