እስከ እትዬ አስናቀች አልጋ የሄደው ባቡር

ባለፈው ሳምንት መደርደሪያ ላሠራ የካ አባዶ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ካለው አናጢ ቤት ስገባ፣ አዲስ የተላገ የጽድ እንጨትና የሞቀ ኮላ ሽታ ተቀበለኝና የመጣሁበትን ልክ ረሳሁት። አናጢው ሜትሩን ዘርግቶ ቁመቱን ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት፣ ጋሽ ቶሎሳ ግቢ ውስጥ፣ እጄ በኮላ ተጣብቆ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኛለሁ።

ጋሽ ቶሎሳ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ነበሩ። ጡረታው ከባቡሩ አወረዳቸው እንጂ ባቡሩን ከእሳቸው አላወረደውም። ጓሯቸው በምትገኝ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ከዘይት ጣሳ፣ ከላሜራና ከጣውላ ቁራጭ ክንድ ከስንዝር የሚረዝም ባቡር ሠርተዋል፤ ሞተሩ ከአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ የተነቀለ ሲሆን፣ ባትሪውን ደግሞ ከኋላ የተቀጠለው ፉርጎ ይሸከመዋል። ችግሩ ሀዲዱ አጭር መሆኑ ነበር። ባቡሩ ከዳሱ በር ተነሥቶ ጎመኑ መደብ ሲደርስ ያበቃል፤ ጋሽ ቶሎሳም በትዕግሥት አንሥተው መልሰው ያዞሩታል።

ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። በዚያ ዓመት ወገባቸው ተይዞ ከአልጋ መውረድ አቅቷቸው ነበር። አንድ ቀን እናቴ የላከችላቸውን ወተት ይዤ ስገባ፣ ጋሽ ቶሎሳ ትራሱን እያስተካከሉላቸው፣ እትዬ አስናቀች ግድግዳውን እያዩ «ድሬዳዋን ሳላይ መቅረቴ ነው» አሉ፤ የጠፋ ነጠላ እንደሚያስታውስ ሰው ቀስ ብለው። ጋሽ ቶሎሳ ትራሱን ሁለቴ መታ መታ አድርገው ወጡ።

በማግሥቱ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰቡን፤ ሰባት ነበርን። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጣውላና አንድ አንድ ጣቢያ ሰጡን፦ አዲስ አበባ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ። ሁሉም ጣውላ እግርና ሀዲድ ተገጥሞለት በየቤቱ ይሠራል፤ ሲያልቅ ይገጣጠምና ከግቢው በር ተነሥቶ፣ በሳሎኑ አልፎ፣ እትዬ አስናቀች አልጋ አጠገብ ይደርሳል። የእግሩን ቁመትና የሀዲዱን ስፋት የምንለካበት እንጨት ቆርጠው አደሉንና «ጫፍና ጫፉን እንደ ልኩ ጠብቁልኝ እንጂ መሃሉን እንዳሻችሁ አድርጉት» አሉን።

ጓደኛዬ ጫልቱ አዲስ አበባ ደረሳት። ከእንጦጦ የባህር ዛፍ ጭራሮ አምጥታ ጣውላዋን ጫካ አደረገችው፤ ጣቢያ እንኳ የምታቆምበት ቦታ አልተረፋትም። መተሐራ የደረሰው ልጅ ግራሩን ከእሾህ ሲሠራ ጣቶቹ በሙሉ ተበሳስተው፣ እርሳስ መያዝ አቅቶት ከአስተማሪው ጋር ተጣላ። ለእኔ የደረሰኝ ድሬዳዋ ነበር፤ ከየካ ወጥቼ ስለማላውቅ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ከእትዬ አስናቀች አልጋ ጫፍ ተቀምጬ እጠይቃቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው የከዚራ ሰፈርን ዛፎች ጥላ፣ ውሃ የሌለበትን የአሸዋ ወንዝ፣ የጋሪ ፈረሶቹን ቃጭል፣ የአባታቸውን ቤት ሰማያዊ መስኮት ይነግሩኛል። አንዳንዴ የትናንቱን ያፈርሱታል። «ዛፉ በወዲያ በኩል ነው ብርቄ፣ ተሳስቼ ነው» ሲሉኝ ሮጬ ሄጄ ኮላው ያልደረቀውን ዛፍ እነቅላለሁ። ለምን እንደምጠይቅ ያወቁ አይመስለኝም ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳያውቁ አልቀሩም።

የገጠምነው በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ስድስቱ ጣውላዎች እንደ ሰንሰለት ተያያዙ። የእኔ ሲደርስ ግን ከአዋሽ በአራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ተሳስቼ ሁሉንም ያበላሸሁ መስሎኝ እንባዬ መጣ። ጋሽ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው የእኔን እግር በእንጨቱ ለኩ፤ ልክ ነው። የአዋሽንም ለኩ፤ እሱም ልክ ነው። ከዚያ የመኝታ ቤቱን ደፍ አዩና ግንባራቸውን ያዙ። የመኝታ ቤቱ ወለል ከሳሎኑ ዝቅ ያለ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ስወጣ ስገባበት የኖርኩትን ቤት ሳልለካው» አሉ። «ብርቄ፣ ያንን ጫፍ ያዢ።»

እሳቸው በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ተንበርክከን ድሬዳዋን በእጃችን ወደ ላይ አነሣናት። ጫልቱ ከግቢው በር ባቡሩን ለቀቀችው። እኛ አናየውም፤ የመንኮራኩሩን ኳኳታና ከጣውላ ጣውላ በተሻገረ ቁጥር የልጆቹን ጩኸት እንሰማለን፤ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ። ክንዴ ዛለ። ጋሽ ቶሎሳ ዝቅ ባለ ድምፅ «ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይሉኛል። ባቡሩ ደፉን ተሻግሮ በአሸዋው ወንዝ ድልድይ ላይ አለፈና ሰማያዊው መስኮት አጠገብ ቆመ።

እትዬ አስናቀች እጃቸውን ዘርግተው መስኮቱን በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው «እንደ ልማድህ ዘግይተህ ገባህ ቶሎሳ» አሉ። ጋሽ ቶሎሳ ጣውላውን እንደያዙ ሳቁ፤ እንባቸውን የሚጠርጉበት እጅ አልነበራቸውም።

እትዬ አስናቀች ክረምቱን አልጨረሱትም። ከቀብሩ በኋላ ጋሽ ቶሎሳ ለእያንዳንዳችን ጣውላችንን መለሱልን፤ ባቡሩን ዳሱ ውስጥ ሰቀሉት። እኛም አደግን። ዛሬ ግቢው ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ሆኗል፤ ሰባታችንም በየአቅጣጫው ተበታትነናል፤ የምንገናኘውም በለቅሶ ቤት ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጋሽ ቶሎሳ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። በየቀኑ በፊታቸው አልፋለሁ፤ ብቻቸውን ከሆኑ ወዲህ ግን ምን እንደምላቸው ስለማላውቅ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። አንድ ቀን ጠሩኝና «ምነው ብርቄ፣ ጠፋሽ? ጎራ በይ እንጂ» አሉኝ። ፈተና እንዳለብኝ ነገርኳቸው። «ጎበዝ፣ አጥኚ» አሉኝና ደስ ብሏቸው እጃቸውን አነሡልኝ። ከዚያ ወዲያ አላነጋገርኳቸውም፤ በሚቀጥለው ዓመት አረፉ።

ፈተና አልነበረብኝም።