ስኳር የሚለው ቃል

ልብስ ሰፊው ወልደአረጋይ ካዛንቺስ ባለችው ጠባብ ሱቁ ሃያ ዓመት ሲሰፋ፣ ጠመኔው ጨርቁ ላይ እንደ ውሃ ነበር የሚሄደው። ኢንሱሊን መወጋት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሰፈሩም «ስኳር አለበት» ብሎ ያውቀዋል።

በ1998 ዓ.ም. አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ቁርሱን በቅጡ ሳይበላ የሱሪ ልክ ሲወስድ ላብ አጠመቀው። ስኳሩ ወርዶበት ነበር። ጎረቤቱ ሲቲ፣ ብትን ጨርቅ ሻጯ፣ ሻይዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ወደ ብርጭቆዋ እያመለከተ «ስኳር… ስኳር…» አላት።

ሲቲ ብርጭቆውን ከኋላዋ ደበቀች። «አውቃለሁ ወንድምዬ፣ ስኳር አለብህ። ለዚህማ ነው የማልሰጥህ።»

በሽታውም ስኳር፣ መድኃኒቱም ስኳር። የሚጥለውንና የሚያነሳውን በአንድ ስም ጠርቶ የሚለይለት አጣ። የደንበኛውን ሱሪ እንደታቀፈ ሰው ፊት ወደቀ። ክሊኒክ ውስጥ በግሉኮስ ነቃ።

ከዚያ ወዲህ የሚፈራው በሽታውን ሳይሆን መውደቁን ሆነ። ኢንሱሊኑን በግማሽ ቀነሰ፤ ከቤት ከመውጣቱ በፊትም ሚሪንዳ ይጠጣል። ነርሷ ሲስተር ትበርህ ከክትትል ውጤቱ ስኳሩ መጨመሩን አይታ ቀና አለች።

«ወልደአረጋይ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ሲስተር፣ ከፍ ሲል ማንም አያይብኝም። ሲወርድ ግን መንገድ ላይ እዘረጋለሁ።»

«ዓይንህም እኮ እንደዚያው ማንም ሳያይ ነው የሚሄደው።»

ዓይኑን አሸ። በዚያ ሰሞን መርፌው ላይ ክር የሚያስገቡለት ደንበኞቹ ነበሩ።

«የታዘዘልህን በሙሉ ተወጋ» አለችው በቀስታ። «ሲወርድብህ የሚያውቅ አንድ ሰው ግን አጠገብህ ይኑር።»

ማታውኑ፣ ሲወርድበት የሚያነሳው ጣፋጭ መሆኑን ለሲቲ ነገራት። ሲቲ የያዘችውን ጨርቅ ማጠፍ አቆመች።

«ያን ቀን እኔ ነኝ የጣልኩህ በለኛ።»

«ቃሉ ነው የጣለኝ። ከእንግዲህ ከረሜላ ነው የምልሽ።»

«ካልጠየቅከኝስ?»

«ሲወርድብኝ እቆጣለሁ። ደህና ነኝ ብዬ እከራከራለሁ።»

«አንተ መቼ ሳትቆጣ ውለህ ታውቃለህ? ኧረ በአላህ፣ ከረሜላው ሳምንት አይቆይም።»

ሳቀ። በማግስቱ ሙሉውን ተወጋ፤ እየፈራ ወደ ሱቁ ሄደ። ሳምንታት አለፉ፣ አልወደቀም። ፍርሃቱ ግን አብሮት ሱቅ ይከፍት ነበር።

አንድ ቀን ስለ አንዲት ቁልፍ ደንበኛው ላይ ጮኸ። ሲቲ ጩኸቱን ሰምታ የከረሜላ ቆርቆሮዋን ይዛ መጣች።

«ደህና ነኝ። ሂጂና ሱቅሽን ጠብቂ።»

«እሺ፣ ደህና ነህ። አፍህን ክፈት።»

ተኮሳትሮ ከፈተ። አንድ በአንድ አራት ከረሜላ አጎረሰችው፤ እንደ ልጅ ቆረጣጠመ። ደንበኛው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የሳቀ አልነበረም። ወልደአረጋይን ያስገረመው ይሄ ነው፦ ሰው እያየው ወርዶበት፣ ሰው እያየው ተመለሰለት፤ መሬቱም ባለበት ነበር።

ላቡ ሲደርቅ «ይቅርታ ወንድሜ» አለና መርፌውን አነሳ። ክሩን በምራቁ አሾለ። ሁለቴ ሳተ። ደንበኛው ሊያግዘው እጁን ሲዘረጋ «ቆይ» አለው።

በሦስተኛው ገባ።